ከሲስተር ማሪትና ከመርከቦቿ ጋር ዱራሜ ደርሼ ስመለስ

መንዝ ያላችሁ እህቶቼ፣ የዱራሜን ጉዞ ነገር እንድጽፍላችሁ በመጣ በሄደ ሰው ልካችሁብኛል። እናንተ ወደዚህ አገር እንደማትመጡ አውቃለሁ፤ ጉልበታችሁም መንገዱም አይፈቅድም። ስለዚህ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ቀን በቀን እነግራችኋለሁ። የእኔ ትምህርት በመሠረተ ትምህርት ማታ ማታ የተማርኳት ናት፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቁብኝ።

የመጨረሻ ልጄ ውድነሽ ዱራሜ ለከምባታ ሰው እንደተዳረች ታውቃላችሁ። ባሏ ጴጥሮስ ገበሬ ነው። እዚያ አገር ሰው ብዙ፣ መሬት ጠባብ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሲያከፋፍል ለእሱ የደረሰው መሬት እንሰትና ጎመን ተተክሎበት አለቀ፤ ለበሬ መዞሪያ እንኳ የለውም። መንግሥት ደግሞ በምዕራብ በኩል ሰፊ መሬት አለ፣ የፈለገ በመኪና ሄዶ ይስፈር ብሏል። ጴጥሮስ ተመዘገበ። እንግዲህ ይሂድ፤ ወንድ ልጅ መሬት ቢፈልግ አልፈርድበትም። ነገር ግን ውድነሽ እርጉዝ ናት፣ ያውም የመጀመሪያ ልጇ፣ ያውም ወሯ የገባ። መኪኖቹ በዚሁ ሳምንት ይነሳሉ የሚል ወሬ አንድ ነጋዴ ሲያመጣልኝ ጊዜ አላጠፋሁም። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሄጄ እኔ ወዳለሁበት ወደ ሆሳዕና ላመጣት ቆረጥኩ።

አብራኝ የሄደችው ሲስተር ማሪት ናት። ከኖርዌይ የመጣች ነርስ ናት፤ ሆሳዕና ብዙ ዘመን ኖራለች። አማርኛውንም ሀዲይኛውንም ከሚወልዱ ሴቶች አፍ ነው የለቀመችው። አገልግሎቷን ጨርሳ ወደ አገሯ ልትመለስ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል፤ ዱራሜ ያሉ ወዳጆቿን ልትሰናበት ፈልጋ መኪናዋ ተበላሽቶባት ነበር። "ልጅሽንም አያታለሁ፤ አብረን በአውቶቡስ እንሂድ" አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

የመጀመሪያው ቀን

የሆሳዕና መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ይንጫጫል። ተሸካሚው ዕቃሽን ሳትሰጪው ይነጥቅሻል፣ ትኬት ሻጩ "አንጋጫ! ዱራሜ!" እያለ ጆሮሽን ያደነቁራል። እኔ የያዝኩት ለጴጥሮስ ስንቅ የሚሆን አንድ ከረጢት ድርቆሽና አንድ ከረጢት በሶ፣ ለልጄ አማት ደግሞ አንድ ቅል ቅቤ ነው። ባዶ እጅ አይኬድም።

አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ እኛ በቆረጥንበት ወንበር ላይ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ተቀምጧል። ባለቤቱ ከጎኑ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

"ወንድሜ፣ ይህ ሽንኩርት ትኬት አለው?" አልኩት።

"እማማ፣ ኋላ ቦታ አለ፣ እዚያ ተቀመጡ።"

"ካለ ሽንኩርቱን እዚያ ውሰደው። ሽንኩርት ወገቡን አያመውም።"

ተሳፋሪው ሳቀ። ሲስተር ማሪት ፊቷ ቀልቶ "እትዬ አስካለ፣ እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ግድ የለም" አለች። "አንቺ ከፍለሻል፣ ሽንኩርቱ አልከፈለም" ብዬ አስነሣሁት። ሰውዬው እያጉረመረመ ጆንያውን ወደ ኋላ ጎተተ።

መኪናው ከተማውን ሲለቅ ሲስተር ማሪት ከረጢቴን ነካ ነካ አድርጋ ምን እንዳለበት ጠየቀችኝ። አንድ ቁራሽ ድርቆሽ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፣ በጥርሷ ቆርጠም አደረገችው፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የአገሯ ሰዎችም እንደዚህ ያለ ስስ ደረቅ ቂጣ ጋግረው፣ በሣጥን ደርድረው፣ ወደ አሜሪካ በመርከብ ይሰደዱ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረችኝ። የአያቷ እህት ብሪታ የምትባል ከሄዱት አንዷ ናት። መርከቡ ሞተር የለውም፤ እንደ ድንኳን ያለ ሸራ ተወጥሮበት ነፋስ ነው የሚነዳው። ነፋስ ከሌለ ባሕር መካከል ቁጭ ነው። ሁለት ወርም ከዚያም በላይ ይጓዛሉ፤ የሚበሉትን ሁሉ ከቤታቸው ይዘው ይገባሉ።

"ምን አጥተው ነው?" አልኳት። ፈረንጅ የሚሰደድ አይመስለኝም ነበር።

"መሬት" አለችኝ። "ተራራው ብዙ ነው፣ የሚታረሰው ጥቂት። እርሻውን የበኩር ልጅ ይወስዳል። ሌሎቹ ሎሌ ይሆናሉ፣ ወይም ይሄዳሉ።"

"ሁሉም ከአንድ ማሕፀን ወጥተው?"

"ሁሉም።"

"ይህ ፍርድ አይደለም" አልኳት። እሷ ያወጣችው ሕግ ይመስል እስከ ዶዮገና ድረስ ተቆጣኋት።

ከዶዮገና አለፍ እንዳልን ዝናቡ መጣ። ይህ አገር እንደ መንዝ ድንጋይ አይደለም፤ አፈሩ ቀይ ነው፣ ሲርስ ሳሙና ነው። አውቶቡሱ ተንሸራቶ ጎማው እስከ ግማሹ ሰመጠ። ሁሉም ወርዶ ሲገፋ ባለሽንኩርቱ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። በመስኮት በኩል አንኳኳሁበት። "አንተም ከሽንኩርትህ ጋር ከብደሃል፤ ወይ ውረድ ወይ እሱን አውርድ" ስለው ወረደ። መግፋት ሲጀምር ግን፣ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ የሁለት ሰው ያህል ገፋ። መኪናው ግን አልወጣም። ሰዓቱም መሸ።

በመንገዱ ዳር ያሉ ቤቶች ተሳፋሪውን ተከፋፈሉት። ማንም አላዘዛቸውም። እኛንና ባለሽንኩርቱን የወሰደን አቶ ላምቤቦ የሚባል ገበሬ ነው። ቤቱ ክብ የሣር ቤት ነው፤ ቁመቱ የቤተ ክርስቲያን ያህል፣ በአንድ ወገን ከብት በሌላው ወገን ሰው። እኛ አገር ቤት ከድንጋይ ነው፣ ብርዱም ከድንጋዩ አይለቅም፤ ይሄኛው ግን የላሞቹ ትንፋሽ ያሞቀዋል። ሚስቱ የገበያ አማርኛ ትችላለች። እግራችንን አጠበች። እኔ ልከለክላት ብል "እማማ፣ ይህ ጭቃ የኛ ነው፣ እኛ እንውሰደው" ብላ አሳቀችኝ። ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችልን። መጀመሪያ ወደዚህ አገር ስመጣ ቆጮ አልወደውም ነበር፤ ያን ማታ ግን ሁለተኛ ጨምሬ በላሁ። ባለሽንኩርቱ ወጥቶ አንድ እቅፍ ሽንኩርት ይዞ ገባና ከምድጃው ዳር አስቀመጠ።

አቶ ላምቤቦ በሚስቱ አስተርጓሚነት ሲስተርን ስለ አገሯ ጠየቃት። እሷም የመርከቡን ነገር ቀጠለች። መርከቡ ላይ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚደርሰው ምድጃ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ምግብ እዚያ ያበስላል። ጉልበት ያለው ድስቱን ጥዶ ይቆማል፤ ልጅ የያዘች እናት ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ ጥሬዋን ይዛ ትመለሳለች። ማዕበል ሲነሣ ጭራሽ እሳት አይነድም። ሁሉም ከታች በጨለማ ይዘጋባቸዋል፣ ያን ደረቅ ቂጣ ይበላሉ።

"ተራ የሚያስይዝ የለም?" አልኩ።

"ብዙ ጊዜ የለም።"

"ካፒቴን የምትዪው ሰውዬ ምን ይሠራል?"

"መርከቡን ይነዳል።"

"አንድ ቆራጥ ሴት እንጨት ይዛ ምድጃው ጋ ብትቆም ይበቃ ነበር" አልኩ። የአቶ ላምቤቦ ሚስት ይህን ስትተረጉም ባሏ እኔን እያየ በሳቅ ወደቀ። አልጋቸውን ለእኛ ለቀው እነሱ ከልጆቻቸው ጋር መሬት ተኙ። በማግሥቱ ስመርቃቸው ቃል አጠረኝ።

ሁለተኛው ቀን

አውቶቡሱ እንደቆመ ነው። ጧት አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ባዶውን ወደ ዱራሜ ሲሄድ ሾፌሩ አየን። ፈረንጅና አሮጊት ጭቃ ላይ ቆመው ማየቱ ሳያሳዝነው አልቀረም፤ ጋቢና ውስጥ አስገባን። የት እንደሚሄድ ስጠይቀው ሰፋሪዎችን ሊጭን እንደሆነ ነገረኝ። ልጄን ሊወስድ በሚሄደው መኪና ላይ ነው የተሳፈርኩት።

"ምን ጭነህ ነበር የመጣኸው?" አልኩት።

"ስንዴ። ወደዚህ ስንዴ፣ ወደዚያ ሰው።"

ሲስተር ማሪት ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች። የነሱም መርከቦች እንዲሁ ነበሩ አለችኝ። ሲሄዱ ሰው ይጭናሉ፣ ሲመለሱ ከካናዳ ግንድ ይጭናሉ። ለሰዎቹ መኝታ የሚሆን ጣውላ በምስማር ይመታላቸዋል፤ እነሱ ሲወርዱ ጣውላው ይነቀልና ቦታው ለግንድ ይሆናል። ሽታው እንዳያሳምማቸው ከታች ያለውን ቤት በጥድ ያጥኑት ነበር። እኛ ወይራ እንደምናጥነው እነሱ ጥድ ማጠናቸው ገረመኝ።

በወሬ ተይዤ ቅሌን ዘነጋሁት። ለካ ያስቀመጥኩት ሞተሩ ክዳን ላይ ነው። ቅቤው ቀልጦ በሲስተር ቀሚስ ላይ፣ ከዚያም በሾፌሩ መቀመጫ ላይ ፈሰሰ። በእፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ሾፌሩ ግን "እማማ፣ ግድ የለም። ይህ መኪና ጋራዥ ገብቶ እንዲህ ያለ ግራሶ አግኝቶ አያውቅም" አለና ሳቀ። ሲስተርም ቀሚሷን እያሸተተች "ዱራሜ ሙሽራ መስዬ ልገባ ነው" አለች። የተረፈችውን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ቋጠርኳት።

አንጋጫ ኬላ ላይ አንድ ወታደር መኪናውን አስቁሞ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ጠየቀኝ። የቀበሌ ወረቀት ማውጣቱ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

"ማን ናቸው?" አለው ሾፌሩን።

"እናቴ ናት።"

"ፈረንጇስ?"

"አክስቴ።"

ወታደሩ እኔንም ሲስተርንም ዙሪያ ገባውን አየን። "በአባትህ ወገን ነው በእናትህ?" አለ። ከዚያ ራሱም ሳቀና አሳለፈን። ሲስተር ወረቀቷን ልታወጣ ስትል "አክስቴ፣ ግድ የለም፣ ይለፉ" አላት። ያን ሾፌር እግዚአብሔር ከመንገድ ክፉ ይሰውርልኝ። የነዳጅ ልክፈል ስለው ቁራሽ ድርቆሽ ብቻ ተቀበለኝ።

ዱራሜ ከሆሳዕና ታንሳለች። መናኸሪያዋም ገበያዋም በአንድ ዓይን ይታያል። ዙሪያዋን ያለው አረንጓዴ ግን ሌላ ነው፤ ቤት ከቤት የሚለየው እንሰት ብቻ ነው። ውድነሽ ሆዷን ይዛ ደጃፍ ላይ ስታየኝ ጮኸች። አቅፌ ሳልጠግባት የጴጥሮስ እናት ወይዘሮ ሣራ መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብታንስ ጥቂት ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የጸሎት ቤት ሰው ናት። እጄን ስማ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና አሳየችኝ። ለአራስ የሚሆን ቡላ በእንሰት ቅጠል ታሽጓል፣ ቅቤው ነጥሮ በማሰሮ ተቀምጧል፣ አዲስ ሰሌን ተዘርግቷል።

"ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት" አልኳት፤ ነገር ማድበስበስ አልችልበትም። "የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ።"

"እትዬ፣ በኛ ቤት የልጅ ሚስት እዚሁ ነው የምትወልደው" አለች ቀስ ብላ። "መንገድ ላይ እንዳትወልድ ብዬ ነበር እንዲህ ያሰናዳሁት። አልሆነም እንጂ። መኪኖቹ ከነገ ወዲያ ይነሳሉ ብለዋል።"

ማን ቤት ትውለድ ብለን ስንከራከር፣ ልጅቷ የምትወልደው መኪና ላይ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ጧት ሲስተር ማሪት ውድነሽን አየቻት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየችና ልጁ ወደ ታች እንደወረደ፣ ከሁለት ሳምንት እንደማይዘል ነገረችን። በዚያ ላይ የኤንትሬ ጉዞ። ጴጥሮስ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ "አንተ ቅደም፣ እሷ ወልዳ ትከተልህ" አልኩት። እሱ ሳይመልስ ውድነሽ ቀደመችው፦ "እማዬ፣ ያለ እሱ አልቀርም። ወይ አብረን እንሂድ ወይ አብረን እንቅር።" ከእኔ የወጣች ናት፤ ምን ልላት እችላለሁ።

ስለዚህ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሄድን፤ እኔ፣ ሲስተርና ወይዘሮ ሣራ። ሰውዬው ወጣት ነው፣ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ደም መስሏል። ውድነሽና ጴጥሮስ በሚቀጥለው ዙር ይሂዱ ብለን ጠየቅነው።

"እናት፣ የመኪናው ቁጥር ከጎደለ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለኝ።

ሲስተር ልጁ እንደወረደ ስታስረዳው ገና ሳትጨርስ "የፈረንጅ ምስክር አልቀበልም" አላት።

"እኔ ሰባት ወልጃለሁ፤ የእኔን ተቀበል" አልኩት። "ፈረንጆቹ ድሮ ሰው በመርከብ ሲጭኑ ሴቶች ባሕር መካከል ወልደዋል። አንተ ይህን ልትደግም ነው?"

"የምን መርከብ?" አለ ግራ ገብቶት። ጸሐፊው ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ፈገግ ሊል ትንሽ ቀርቶት ነበር። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ ስለ ሽበትሽ። እነ ጴጥሮስን ለሚቀጥለው ዙር አዞራለሁ። በነሱ ፈንታ ከሚቀጥለው ዙር አንዱን ቤተሰብ አስቀድማለሁ።"

እጁን ልስም ተነሣሁ። ከዚያ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። "ማንን?" አልኩት።

ስማቸውን ጠራ። ወይዘሮ ሣራ ደነገጠች። "ሚስቲቱማ ከወለደች ገና አሥር ቀኗ ነው" አለች።

እህቶቼ፣ ዝም ብዬ ብወጣ ልጄን ማትረፌ ነው። ያቺን አራስ አላውቃትም፣ አይቻትም አላውቅም። ግን እግሬ አልወጣ አለኝ። "ልጄን ላስቀር ብዬ የሰው አራስ አላስጭንም" አልኩት። "ሌላ ፍትሐዊ መንገድ ፈልግ።"

"እንግዲያው ልጅሽ ትሄዳለች!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አልፈርድበትም፤ እሱ የሚችለውን ቢሰጠኝ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስንደርስ ውድነሽ ነገሩን ሰምታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። "ለማታውቂያት ሴት አዘንሽ" አለችኝ። ወይዘሮ ሣራ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ አየኋት፤ ወዴት እንደምትሄድ አልተናገረችም።

የተመለሰችው እራት ሲቀርብ ነው። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ከኋላዋ አንድ ጎረምሳና አዲስ ሚስቱ ቆመዋል። ቤት ለቤት እየዞረች፣ በጸሎት ቤትም ጠይቃ ያገኘቻቸው ናቸው። የጎረምሳው ታላቅ ወንድም በአሁኑ ዙር ይሄዳል፤ እሱ ለሚቀጥለው ተመድቦ ከወንድሙ መለየቱ ከንክኖት ኖሯል።

"ወደህ ነው ወይስ አስገድደውህ?" አልኩት።

"ወድጄ ነው፣ እማማ። ከወንድሜ ጎን መሬት እንዲደርሰኝ ነው።"

"አንቺስ?" አልኳት ሚስቱን። እሷ በከምባትኛ ለወይዘሮ ሣራ መለሰች። "ባሌ ከሚነጫነጭብኝ ነገውኑ እሄዳለሁ ትላለች" ብላ ተረጎመችልኝ። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቅነው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ማታ ወስደናቸው ሊቀ መንበሩ ሲያያቸው ቤተሰብ በቤተሰብ ለወጠ።

አራተኛው ቀን

የሚሄዱትን ልንሸኝ ወደ ሜዳው ወጣን። ኤንትሬዎቹ ተደርድረዋል። ያ የእኛ ሾፌር ከሩቅ "እናቴ!" ብሎ ጠራኝ። ሰው ዕቃውን ይጭናል፦ ምንጣፍ፣ መጥረቢያ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ። አንድ ሽማግሌ ከነሥሩ የተነቀለ የእንሰት ችግኝ በጨርቅ አቅፎ ይዟል። እዚያ ያለው ቆላ ነው፣ አይጸድቅልህም ቢሉት "እኔም ላልጸድቅ እችላለሁ፤ እንሞክር" አላቸው። ጉልበተኞቹ ጋቢናውንና የፊቱን ጥግ ቀድመው ሲይዙ አይቼ አላስቻለኝም። እንጨት አልያዝኩም እንጂ መኪናው መወጣጫ ላይ ቆምኩ። የሚያጠቡ እናቶች መጀመሪያ፣ ሽማግሌዎች ቀጥሎ፣ ጎረምሶች መጨረሻ። ሾፌሩ "እናቴ ያለችውን ስሙ" እያለ አገዘኝ። ጭነቱን የሚቆጣጠር አንድ ካድሬ ማን ሾማት ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም፤ የመለሰለት ግን የለም።

መኪኖቹ ሲነሱ የተለቀሰው ልቅሶ ይቅርብኝ፣ አልጽፈውም። የሄዱት ሕያዋን ናቸው፤ የሰማሁት ግን የቀብር ልቅሶ ነው።

ሲስተር ማሪት ሣሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ስቀመጥ የብሪታን ነገር ጨረሰችልኝ። ብሪታ መርከብ ስትገባ እርጉዝ ነበረች። እናቷና አማቷ አንድ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ ልጁ ማን ቤት ይወለድ፣ ማን አንቀልባ ይሥራለት እያሉ ክረምቱን ሙሉ ሲጣሉ ከረሙ። በጠባቸው መካከል የመርከቡ ቀን ደረሰ። ወደቡ ላይ እንኳ ተለያይተው ነው የቆሙት። ልጁ ባሕር ላይ ተወለደ። ደብዳቤው የደረሳቸው ዓመት ቆይቶ ነው። ሁለቱም ያን ልጅ ሳያዩት ሞቱ።

"ከዚያ በኋላ ታረቁ?" አልኳት።

"ታርቀዋል። ግን ልጁ የለም።"

ወይዘሮ ሣራ ከእኛ ራቅ ብላ ሜዳውን ታያለች። ይህን ታሪክ አልሰማችም።

አምስተኛው ቀን

ከሊቀ መንበሩ ጋር በተስማማነው መሠረት ሁለቱም ወደ ሰፈራው የሚሄዱት በሚቀጥለው ዙር ነው፤ እስከዚያ ውድነሽ ከእኔ ጋር ሆሳዕና መጥታ ትወልዳለች። ሐሳቡ የእኔ ነው። ወይዘሮ ሣራ አንድ ቃል አልተቃወመችም። እንዲያውም ጧት ተነሥታ ያን ያሸገችውን ቡላና የነጠረውን ቅቤ በከረጢት ቋጥራ ለውድነሽ አስያዘች። እኔ ያመጣሁት ቅቤ የፈሰሰ ነው፤ የእሷው ቅቤ ወደ ቤቴ ሊሄድ ነው።

መናኸሪያው ጋ ደርሰን ተሸካሚው የውድነሽን ዕቃ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አወጣ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ በታች ወይዘሮ ሣራና ጴጥሮስ ቆመዋል። ጴጥሮስ አንድ ልጇ ነው። ከጥቂት ወር በኋላ እሱም ይሄዳል፤ ሚስቱም ልጁም ይሄዳሉ። እኔ ሌሎች ሴት ልጆች አሉኝ፤ በእኔ ቤት ወልደው ታርሰዋል፣ የልጅ ልጅ ጀርባዬ ላይ ሸንቷል። እሷ ያንን አዲስ ሰሌን የዘረጋችው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሽንኩርት ወንበር የምጣላ፣ ለማላውቃት አራስ ከሊቀ መንበር የምከራከር ሴት፣ ይህን እንዴት ሳላየው ቆየሁ?

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ተሸካሚውን ጠራሁት።

"ያን ከረጢት አውርደው!"

"እማማ፣ አስሬው ጨረስኩ እኮ!"

"ፍታው። ውድነሽ፣ ተነሽ። የምትወልጂው እዚህ ነው።"

ውድነሽ አፏን ከፍታ አየችኝ። ተሳፋሪው ዘገየን ብሎ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩበት። ውድነሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስማኝ ወረደች። ሲስተር ማሪት በመስኮት በኩል ለወይዘሮ ሣራ ውድነሽ ስትወልድ ምን ማየት፣ መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንዳለባት በፍጥነት ነገረቻት።

ወይዘሮ ሣራ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ወደ እኔ መጣች። እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። እጇን በመስኮት አሳልፋ እጄን ያዘች።

"እትዬ፣ ስሙን አንቺ አውጪለት" አለች።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። እጄን ሳትለቅ ከጎኑ ትራመድ ጀመር፣ ከዚያ ትሮጥ ጀመር፤ ያች ዝምተኛ ሴት ነጠላዋ ወድቆ።

"አብረን!" አልኳት እየጮህኩ። "ስሙን አብረን ነው የምናወጣው! ሲወለድ ላኪብኝ፣ እመጣለሁ!"